ለእንግዳ የተሰጡ ስሞች

«አንቱ ብቻ ‹ልክ ነው› ይበሉኝ» አለችው ሜላት፣ አጠገቡ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ። «ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፣ ጋሽ ኢስሐቅ። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ።»

ኢስሐቅ መዳፉ ላይ የያዘውን ንፍሮ ቁልቁል አየው። ስንዴውን ከሽምብራው የሚለይ ይመስል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው እንጂ ወደ አፉ አላደረሰውም። አባቷን መምህር ንጉሴን ቀብረው ከተመለሱ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። የልጅቱ ዓይን በልቅሶ አብጦ ጠቧል፤ ድምጿ ተዘግቶ የቀረላት ሹክሹክታ ብቻ ነው። እናቷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ፤ ወንድም የላት፣ እህት የላት። እንዲህ ሆና ለምትለምን ልጅ እንኳን አንዲት ቃል፣ ጥንድ በሬ ቢሰጧትም አይበዛም። ኢስሐቅ ግን ያቺን ቃል አልሰጣትም።

«ይደርሳል፣ ልጄ» አለ። «አላህ ያጽናሽ። እስቲ አሁን እህል ቅመሽ።»

«ሐሙስ ማታ ይዘጋል እኮ ነው የምልዎት።»

«ምኑ?»

«መዝገቡ። የአባዬ ገጾች።»

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችው። ሰኞ ዕለት አባቷ እንዳረፈ፣ ለአምስት ዓመት ሲጻጻፋቸው ለኖሩት ለዓለም የፍጥረት መዝገብ ሰዎች በኢንተርኔት መርዶውን ጽፋላቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት መለሱ። ከልባቸው አዝነዋል። መምህር ንጉሴ የከፈታቸውን ገጾች ለመታሰቢያው በስሙ ሊዘጓቸው ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካቸውም። ግን የአገሬውን ስም ያረጋግጥ የነበረው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ሰው «ልክ ነው» ማለት አለበት።

«መቶ አርባ ሦስት ስም ነው» አለች ሜላት። «አብዛኛውን የነገሩት አንቱ ነዎት። ታዲያ ከአንቱ ሌላ ማን ይበልልኝ?»

ከመቶ አርባ ሦስቱ ሰባቱ የፈጠራ መሆናቸውን በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ኢስሐቅ ነው። ሁለተኛዋ በሴቶቹ በኩል ሻርፗን ተከናንባ ተቀምጣ ከሩቅ የምትገላምጠው ሚስቱ ሁሪያ ናት።

ድንኳኑ የተተከለው መርሳ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ከመምህሩ ግቢ ደጃፍ ላይ ነው። ወደ ወልድያ የሚወጡት የጭነት መኪኖች እዚህ ሲደርሱ ሙዚቃቸውን ይዘጋሉ፤ አንዳንዱ ሾፌርም ባርኔጣውን አውልቆ ያልፋል። ወንድሙ የሚባለው የእድሩ ዳኛ ከቀብር መልስ ቆሞ «ሠልስቱ ሐሙስ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ይነሳል» ብሎ አስታውቋል። ዳኛው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም፣ ሌላው ሲያረፍድም አይወድም። ዘጠኝ ሰዓት ካለ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እና ኢስሐቅ ሁለት ቀን ነበረው።

*

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በልጉ ድርቅ ብሎ በቀረበት ዓመት ነው።

የኢስሐቅ ማሳ ከመርሳ ወደ ግራና ሲሄዱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቤቱ ብቅ ሲል፣ ኮት የለበሰ ሰው ድንበሩ ላይ በሆዱ ተኝቷል። መጀመሪያ የታመመ መሰለው። ቀረብ ሲል ግን ሰውየው ጥቁር ዕቃ ይዞ መሬቱን ያነጣጥራል። ያኔ ደሙ ፈላ። ወቅቱ የመሬት ልኬታ ወቅት ነበር፤ ባለ ኮት ሰው ማሳ ዳር ታየ ማለት፣ ከአንዱ ተቆርሶ ለሌላው ሊሰጥ ነው ተብሎ ይወራል።

«ደብዳቤ አለህ?» አለው።

«የምን ደብዳቤ?»

«መሬቴን የምትለካበት።»

ሰውየው ቀና እንኳን አላለም። «መሬትህን አልለካም። ዝም በል፣ ትበርብኛለች።»

«ማን ናት የምትበረው?»

«ቢራቢሮዋ ናታ!»

ኢስሐቅ ዝም አለ። በገዛ ማሳው ላይ፣ በገዛ ድንበሩ፣ በማያውቀው ሰው ዝም በል ተብሎ ዝም ማለቱ ኋላ ላይ ባስታወሰው ቁጥር ያስቀው ነበር። ሰውየው ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ንጉሴ እባላለሁ፣ መርሳ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ አለ። ከዚያ ጉልበቱ አፈር እንደያዘ ከኢስሐቅ ደጅ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ፣ ሲሪንቃ ለሥራ መጥቶ ከነበረ አንድ ተመራማሪ ስለሰማው ነገር አጫወተው። በምድር ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ፣ ዛፉም፣ አራዊቱም፣ ባሕር ውስጥ ያለውም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ገጽ የሚያገኝበት መዝገብ በኢንተርኔት እየተጻፈ ነው። ከየአገሩ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ይልካል።

«ሁሉም ገጽ አለው?»

«ሁሉም።»

«ቁንጫም?»

«ቁንጫማ ገጽ ካገኘች ቆየች።»

«እኔስ? እኔም ነፍስ አለኝ።»

«አንተማ ከሰው ጋር ነህ። ሰው ሁሉ አንድ ገጽ ነው።»

ኢስሐቅ አሰበበት። «የወረዳው አስተዳዳሪም?»

«እሱም፣ አንተም፣ እኔም፣ ለማኙም። አንድ ገጽ።»

«እስላሙም ክርስቲያኑም?»

«ወንድሜ፣ አንድ ገጽ አልኩህ እኮ።»

ይህን ጊዜ ኢስሐቅ ሰውየውን ወደደው። መቼም ሰው የሚወደድበት ቅጽበት አለ፤ የነሱ ይህ ነው።

መምህሩ የሚጎድለውን ነገረው። የሳይንሱን ስም ውጭ ያሉት አዋቂዎች ፎቶውን አይተው ይጽፉታል። ገጹ ላይ ግን «የአገሬው ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እሱን ከአገሬው በቀር የሚሞላው የለም። ከዚያ ካሜራውን እያገላበጠ ያነሳውን ማሳየት ጀመረ፤ ኢስሐቅም ይመልስ ጀመር። ይሄ ጠለንጅ ነው፣ ይሄ መጭ፣ ያቺ የምድር እምቧይ፣ ይሄኛው ጊዜዋ። መምህሩ በደብተሩ ይከትባል።

ኢስሐቅ ግን ልቡ ጓዳ ነበር። ሁሪያ በበሩ ብቅ ብላ ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ አሳይታዋለች። ምንም የለም ማለቷ ነው። ላሟ ነጥፋለች፤ ድርቁ ጎተራውን ጠርጎታል፤ የቀረችው የማሽላ ዱቄት ለልጆቹ እራት ናት። ይህን ያህል መንገድ በእግሩ የመጣ እንግዳ፣ ወተት ቢጠፋ አሬራ፣ አሬራ ቢጠፋ ቡና ሳይቀምስ፣ በባዶ ውኃ ሊሸኝ ነው። የኢስሐቅ አባት ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል።

በዚህ መሃል መምህሩ ከወንዙ ዳር ያነሳትን አንዲት ጥቁር ሰማያዊ አበባ አሳየው። የጣት ጥፍር አታክልም።

«የዚህችስ ስም?»

ኢስሐቅ አያውቃትም። አላውቅም ቢል የሚከሰው አልነበረም። ግን ሰውየው ሆዱ ባዶ ነው፤ ቤቱም ባዶ ነው፤ አሁን ደግሞ ቃሉም ባዶ ሊሆን ነው። ዓይኑ በበሩ ላይ ወደቆመችው ሚስቱ ሄደ።

«የሁሪያ ኩል» አለ።

የመምህሩ ፊት በራ። «የሁሪያ ኩል!» እያለ ሁለቴ ደጋገመው፤ ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት። አንድ ጮጮ ወተት ቢጠጣ እንደዚያ አይጠግብም ነበር። ሁሪያ በሩ ላይ እንዳለች በሻርፗ አፏን ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስድስቱም እንደዚሁ መጡ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ እንግዳው ደጅ ላይ ቆሞ ጓዳው ባዶ በሆነ ቁጥር፣ ኢስሐቅ አንድ ስም አውጥቶ ሰጠው።

*

ረቡዕ ከሐራም ከወልድያም ለቀስተኛ መጣ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች መጡ፤ ተማሪዎቹ ግቢው አልበቃቸው ብሎ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ኢስሐቅ እንደ ዘመድ ከድንኳኑ አልወጣም። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር፤ ያቺ ጉዳይ ልቡን ይዛው እንባው መውጫ አጣ።

ከኋላው እትዬ አስካለ የተባሉ የሰፈሩ ሴትዮ ከጎናቸው ለተቀመጡት ያንሾካሹካሉ። የእትዬ አስካለ ሹክሹክታ ሦስት አግዳሚ ያቋርጣል።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ ይሄድ የነበረው ለምን መሰላችሁ? ሴት ነበረችው። እኔ እንኳን ደስ ነው ያለኝ። ወንድ ልጅ ሚስቱ ሞታ ብቻውን እስከ መቼ?»

ኢስሐቅ ዞረ። «ሴት አልነበረችውም፣ እትዬ አስካለ። ኢንተርኔት ቤት ነበር የሚሄደው። ጠዋት እኔ ዘንድ፣ ከሰዓት ወልድያ።»

«ኢንተርኔት ቤት ሴት የለችም?»

«የለችም።»

«ወይ ሞኝ!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ለሟቹ ይሁን ለእሱ ግልጽ አልነበረም።

ኢንተርኔት ቤቱን ኢስሐቅ ራሱ አንድ ጊዜ አይቶታል። አንድ የክረምት ቅዳሜ መምህሩ ይዞት ሄደ። ወልድያ አውቶብስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጎረምሶች በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን ይሰማሉ፤ መምህር ንጉሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሁለት ጣት እየቆረቆረ ይጽፋል። መስመሩ ይቋረጣል፤ መልሶ ይጽፋል። መብራት ይጠፋል፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዲት ፎቶ ለመላክ አንድ ሰዓት ፈጀ። ተመልሰው መርሳ ሲወርዱ ዶፍ ዝናብ ያዛቸው። መምህሩ የመኪናውን በር እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው?»

«የሁለቱን ወንጭፊት ወፎች ፎቶ አቀያየርኩት። የአንዷን ስም ለሌላዋ ሰጠሁ።»

«ታዲያ የሚመጣው ቅዳሜ ታስተካክለዋለህ።»

«ሳምንት ሙሉ ውሸት ሆኖ ይቀመጥ?» አለና፣ እዚያው ወደ ወልድያ የምትመለስ መኪና ጠርቶ፣ በዚያ ዝናብ ሄደ። ኢስሐቅ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። በዚያን ጊዜ ውሸቶቹ አራት ደርሰው ነበር። እነዚያ አራቱ ስሞች በየተራ ልቡን ወጉት። ሊነግረው ይችል ነበር። ሰውየው ግን ያን ያህል ለእውነት የሚጨነቅ ሆኖ ሲያየው፣ መንገር የበለጠ ከበደው። ሰው በወደደው ፊት ማነስ ይፈራል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከድንኳኑ ጀርባ የውኃ በርሜሉ ጋ ሁሪያ አገኘችው።

«ነገርካት?»

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍህ።»

«ሁሪያ፣ ልጅቱ አባቷን ቀብራ ሁለት ቀኗ ነው። ‹አባዬ ያላረጋገጠውን አንድ ቃል አልጻፈም› ትላለች። ምን ብዬ ልጀምረው?»

«እኔን የምታታልለኝ መስሎህ ነው? ለሷ አይደለም፣ ለራስህ ነው የፈራኸው።» ማሰሮውን አስቀመጠች። «ስማኝ። መምህር በሕይወት ቢኖር አፉ በለኝ ትለውና ያበቃል። አሁን የሟች ሐቅ አንገትህ ላይ ነው። ለልጁ ካልሰጠህ ለማን ልትሰጠው ነው?»

«ስምሽ ይሰረዛል እኮ።»

ሁሪያ ጎንበስ ብላ የማሰሮውን አፍ አበሰች። መምህሩ ያቺን ገጽ በወረቀት አሳትሞ ሰጥቷት፣ ግድግዳዋ ላይ በላስቲክ ሸፍና ሰቅላዋለች። ማንበብ ባትችልም ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ታውቀዋለች፤ ቤቷ የገባ ሰው ሁሉ ሳያየው አይወጣም።

«ይሰረዝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ያለዚያ ወረቀትም ሁሪያ ነበርኩ። አብሽር፣ አንተ ብቻ ንገራት።»

*

ሐሙስ ከእኩለ ቀን በኋላ ሜላት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ከጎኑ ተቀመጠች። ፊት ፊቱን ታየው ጀመር።

«ሰባቱ ውሸት ናቸው» አለ ኢስሐቅ።

ሌላ መግቢያ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሰናዳ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ሁሉም ጠፍቶት ይቺ ብቻ ወጣች።

«ምኖቹ?»

«ስሞቹ። ሰባቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። አባትሽ አያውቅም። ወላሂ አንዱንም አያውቅም፤ አምኖኝ ነው የጻፈው።»

ሜላት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ መጀመሪያ ምንም አላለም። ቀስ እያለ ግን ቀላ።

«አባዬን ዋሹት?»

«ዋሸሁት።»

«አባዬ እኮ አንዲት ስም ለማረም በዝናብ ወልድያ ተመልሶ የሄደ ሰው ነው! ታሞ ሁሉ ነበር።»

«አውቃለሁ። አብሬው ነበርኩ።»

«አብረውት ሆነው!» ሹክሹክታዋ ተሰነጠቀ። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። «ለምን? አላውቅም ማለት ምን ነበረበት?»

ኢስሐቅ እጁን እያየ ነገራት። ስለ ነጠፈችው ላም፣ ስለ ተጠረገው ጎተራ፣ ሁሪያ በበሩ ላይ ገልብጣ ስላሳየችው መዳፍ። «አንድ ጮጮ ወተት ቢኖረኝ ኖሮ አልዋሸውም ነበር፣ ልጄ። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብዬ ነው።»

ሜላት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ኢስሐቅ የምታለቅስ መስሎት እጁን ሊዘረጋ ሲል፣ እየሳቀች መሆኗን አየ። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ አባዬ ወተት አይጠጣም ነበር እኮ። ሆዱን ይነፋዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ስኒ አይጠጣም።»

«ያ ረቢ!» አለ ኢስሐቅ። «አምስት ዓመት ሙሉ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ።»

«ስለ አባትሽ ሆነሽ አፉ በይኝ።»

«ይቅርታው ይቆየን» አለች ሜላት አፍንጫዋን እየጠረገች፤ በዚያች ቅጽበት ቁርጥ አባቷን መሰለች። «መጀመሪያ ይታረም። ስንት ሰዓት ነው? ስምንት ሰዓት ሆኗል። ትክክለኛው ስማቸውስ ምንድን ነው?»

«እሱን ባውቅ መቼ እዚህ እደርስ ነበር?»

ኢስሐቅ ቀና ሲል ድንኳኑን አየው። ከሐራ የመጣ ነጋዴ አለ፤ ከሲሪንቃ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች አሉ፤ የግራና ገበሬ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ግንበኛ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንዙ ውኃ የቀዱ አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ሰው መምህሩ ቢያገኘው አንድ ደብተር ይጨርስበት ነበር። ግን ለመጠየቅ መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል፤ ለአንዲት ልጅ በሹክሹክታ ሳይሆን ለሁሉም በአደባባይ።

ኢስሐቅ ተነሣ። የድንኳኑን ምሰሶ ያዘ።

«ጎረቤቶቼ» አለ። «አንድ ጥፋት አለብኝ። መምህር ንጉሴ ያገራችንን ፍጥረት ስም ሲጠይቀኝ፣ የማላውቀውን ሰባቱን ከልቤ አውጥቼ ነገርኩት። እሱ አምኖ በዓለም መዝገብ ላይ አሰፈረው። ዛሬ ማታ እንደተሳሳተ ሊዘጋበት ነው። እናንተ የምታውቁት ካለ እርዱኝ። ለኔ ሳይሆን ለሱ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኢስሐቅ ምድር ብትውጠው ወደደ። ቀድመው የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው።

«እስቲ አምጪው እንየው» አሉ፣ ወደ ሜላት እጃቸውን ዘርግተው።

ላፕቶፑ ከአግዳሚ አግዳሚ መዞር ጀመረ። የመጀመሪያው፣ ውኃ ላይ የሚሯሯጠው ባለ ረጅም እግሩ ትንሽ ነፍሳት ነበር። ኢስሐቅ «የውኃ ደላላ» ብሎት ነበር፤ ሜላት ስታነብበው ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። የግራናው ገበሬ ግን አልሳቀም። «እኛ ውኃ ጠባቂ ነው የምንለው» አለ። «እሱ ያለበት ውኃ ይጠጣል።» ሁለት አሮጊቶችም አዎ፣ ውኃ ጠባቂ ነው ብለው መሰከሩ። ሜላት ጻፈች።

ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ግራጫ ነገር ግንበኛው ገና ሳያቀርቡለት ለየው። «የድንጋይ ሽበት። አባቴ ይሄ የበቀለበትን ድንጋይ ለመሠረት አይመርጥም ነበር።» ስለ አንዷ ሣር የሲሪንቃዎቹና የሐራው ነጋዴ ተጣሉ፤ ነጋዴው ያባቴን በግ ያሳደገ ሣር እኔ ነኝ የማውቀው ብሎ ተቆጣ፤ ኋላ ሁለቱም ስም ይጻፍ ተብሎ በሽማግሌ ታረቁ። ቅርፊት ሥር ያለችውን ሸረሪት የለየቻት ደግሞ እንጨት ለቅማ ያደገች አንዲት ሴት ናት። ድንኳኑ ለቅሶ መሆኑን የረሳ መሰለ። ሰው ይሳሳቃል፣ ይከራከራል፣ ይጠቋቆማል፤ ከመኻል «መምህር ይህን ሳያይ!» የሚል ይመጣና ለአፍታ ዝም ይባላል። ሁለቱን ግን ማንም አላወቃቸውም። ሜላት የኢስሐቅን ፈጠራ ሰርዛ ቦታቸውን ባዶ ተወችው።

የመጨረሻዋ ጥቁር ሰማያዊዋ አበባ ነበረች። ሜላት ስሟን ሳታነብ ዝም ብላ አሳየች። መናኸሪያው ጋ ማንጎ የምትሸጠው ነሲባ፣ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ አንገቷን አስግጋ አየችና «የሁሪያ ኩል ናታ» አለች።

«እሷማ የኔ ፈጠራ ናት!» አለ ኢስሐቅ። «እሱ ነው እኮ ጉዳዩ!»

«የምን ፈጠራ? መምህር ሰባተኛ ክፍል እያለን ወንዝ ወስዶ አሳይቶናል። እናቴም እንዲሁ ነው የምትላት። መርሳ ውስጥ የሁሪያ ኩልን የማያውቅ ማን አለ?»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ከልቤ ነው ያወጣኋት!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ስም ሁሉ ከሰው ልብ አይደለም እንዴ የወጣው? ከሰማይ ሲወርድ ያየ አለ?»

ሜላት አባቷን እንደምትጠይቅ ሁሉ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበች፤ «የሁሪያ ኩል። መርሳና አካባቢው፤ ከ2001 ዓ.ም ወዲህ። ስሙን ያወጣው፦ ኢስሐቅ፣ ገበሬ።» በሴቶቹ በኩል ሁሪያ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

«የቀሩትስ?» አለች ሜላት ወደ ኢስሐቅ ዞራ። «መቶ ሠላሳ ስድስቱ?»

«እነሱ ልክ ናቸው» አለ ኢስሐቅ፤ ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

በዚህ መሃል የእድሩ ዳኛ ወንድሙ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በዓይኑ ለእድሩ ጎልማሶች ምልክት ሰጠ፤ እነሱም በጓሮ በኩል ያለውን ገመድ ይፈቱ ጀመር። የድንኳኑ አንድ ጎን ረገብ አለ። ለቀስተኛው ነጠላውን እያስተካከለ ለመነሣት ይዘገጃጃል።

«አንድ ብቻ ቀርቷል» አለች ሜላት። «ይሄ ገና ገጽ የለውም። ካሜራው ውስጥ ነው ያገኘሁት። ቅዳሜ ያነሳው ነው፤ የመጨረሻው።»

ላፕቶፑን ኢስሐቅ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

በማሽላ ቅጠል ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ናት። ክንፏ እንደ መስታወት ያሳልፋል። መጠኗ እንዲታወቅ መምህሩ የገዛ አውራ ጣቱን ከጎኗ አስጠግቷል። ኢስሐቅ ነፍሳቷን አላየም፤ ያየው ጣቱን ነው። የቅዳሜ ጣት። ጥፍሩ ሥር ጠመኔ ገብቶ ነጭ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ የኢስሐቅ ማሳ አፈር አለ። ጣቱ በሕይወት ነበር።

«ያውቋታል?» አለች ሜላት።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ኢስሐቅ እንደ ልማዱ ሦስት ስም ባንዴ አፉ ላይ መጣለት፤ ሦስቱም ያምሩ ነበር፤ የመጀመሪያዋ በተለይ ለመምህሩ ብትነገረው ሁለቴ የሚያሰምርባት ዓይነት ናት።

«አላውቃትም» አለ።

ቃሉን ለመምህር ንጉሴ አንድ ቀን እንኳን ብሎት አያውቅም። አሁን ሲለው የሚጽፍ የለም፤ ቅዳሜ ቢመጣ ድንበሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሚጠብቀው የለም፤ ጓዳው ቢሞላም ባይሞላም ከእንግዲህ የሚጠይቀው የለም። ይህ ሁሉ ያኔ ገባው።

«አላውቃትም፣ ወንድሜ» አለ፤ ይህን ጊዜ የሚያናግረው ሜላትን አልነበረም። «አላውቃትም! ወንድሜ! ወንድሜን!»

ሦስት ቀን የዘገየው ልቅሶ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። እንዲህ ያለ አዲስ ልቅሶ ሲነሣ የተቀመጠ ሰው አይቀመጥም፤ ድንኳኑ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ብድግ አለ። ሜላት የላፕቶፑን ክዳን ሳትዘጋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሁሪያም የሴቶቹን ወገን ትታ በወንዶቹ መሃል አልፋ መጣች።

ጓሮ በኩል ያሉት ጎልማሶች የፈቱትን ገመድ እንደያዙ ወደ ዳኛው ተመለከቱ። ዳኛው ሰዓቱን አላየም። ሄዶ ገመዱን ከእጃቸው ወሰደ፤ በርከክ ብሎም ካስማው ላይ መልሶ አሰረው።